ለሞተር ሳይክል መነጽር ሲመርጡ ከሄልሜቱ ይጀምሩ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የ43 ዓመት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። መቀመጫዬ ደብረ ብርሃን ሲሆን በሳምንት ሦስት አራት ቀን በሞተር ሳይክል ጣርማ በርን አልፌ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። ከአስፋልቱ ወጥቼም በፒስታ ወደ ቀበሌዎች እገባለሁ። የመነጽር ቁጥሬ በሁለቱም ዓይን ማይነስ 4.50 ነው፤ ማይነስ 1.50 ሲሊንደርም አለበት። ከአንድ ዓመት ወዲህ ለማንበቢያ ፕላስ 1.25 ተጨምሮልኛል። መነጽሬ ሄልሜት ውስጥ ይጣመማል፣ በጉም ይሸፈናል፣ ሲመሽ ደግሞ ከፊት የሚመጣ መብራት ይበታተንብኛል። አንዱ መነጽር ቤት በፀሐይ የሚጠቁር፣ ላዩ ለሩቅ ታቹ ለቅርብ የሆነ ፕሮግረሲቭ ግዛ አለኝ፤ ሌላው ብጫ የሌሊት መነጽር አሳየኝ፤ ጓደኛዬ ኮንታክት ሌንስ ይሻልሃል ይለኛል። የቱን ልውሰድ?»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ከሦስቱ አንዱንም አልመክርዎትም። ለእርስዎ የሚበጀው ለመንዳት ብቻ የተለየ ሁለተኛ መነጽር ነው፦ የሩቁ ቁጥር ብቻ ያለው፣ ነጭ ሌንስ የተገጠመለት፣ ዘንጎቹ ቀጭንና ቀጥ ያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ከአንድ ፕሮግረሲቭ ያነሰ ነው። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱን የያዘ ሰው መነጽር ቤት ቆሞ የሚነገረውን ሁሉ ራሱ መመዘን ይችላልና።

ከሄልሜቱ ልነሣ። ሰው ፍሬም የሚመርጠው ባዶ ራሱን መስታወት ፊት ቆሞ ነው። እርስዎ ግን መነጽሩን የሚለብሱት ጉንጭንና ሰረሰርን አጥብቆ በሚይዝ ስፖንጅ ውስጥ ነው። ዘንጉ ወፍራም ወይም ጫፉ ወደ ጆሮ ጀርባ የተቆለመመ ከሆነ ስፖንጁ ከጆሮ በላይ ባለው አጥንት ላይ ይጫነዋል። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች አይሰማዎትም። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ግን ራስዎን በሁለት ጣት የያዘዎት ያህል ያምዎታል። እዚህ ላይ ብዙ አሽከርካሪ የሚሠራውን ስሕተት ስለማውቅ አስቀድሜ እለምንዎታለሁ፦ ለመነጽሩ ምቾት ብለው ሄልሜቱን አንድ ቁጥር አስበልጠው አይግዙ፤ የአገጩንም ማሰሪያ አያላሉ። የላላ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ ከራስ ላይ ይዞራል ወይም ይወልቃል። ሄልሜቱ ይጥበቅ፤ መነጽሩ ይቅጠን።

የሚፈልጉት ዘንግ ጠፍጣፋና ቀጭን፣ ጫፉ እምብዛም ያልታጠፈ፣ በስፖንጁና በቆዳው መካከል እንደ ማንኪያ እጀታ ሹልክ ብሎ የሚገባ ነው። ማጠፊያው አካባቢ ጌጥ ወይም ጉብታ አይኑርበት። የሌንሱ ክፈፍ መጠነኛ ይሁን፤ በጣም ሰፊ ከሆነ ጠርዙ የሄልሜቱን ስፖንጅ እየነካ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ይነቀነቃል። በጣም ጠባብ ከሆነ ደግሞ የጎን መስታወቱን በሚያዩበት ጊዜ ዓይንዎ ከሌንሱ ውጪ ይወጣል፤ ማይነስ 4.50 ያለው ሰው ከሌንሱ ውጪ የሚያየው ነገር ከጥላ አይሻልም። አንዳንድ ሄልሜቶች በጉንጭ ስፖንጃቸው ላይ ለመነጽር ዘንግ የተተወ ስርጉድ አላቸው፤ ሄልሜት የሚቀይሩ ከሆነ ይህንን ይጠይቁ። አለባበሱም ቅደም ተከተል አለው፦ ሄልሜቱ መጀመሪያ፣ መነጽሩ በተከፈተው ፊት በኩል ቀጥሎ፤ ሲያወልቁ መነጽሩ መጀመሪያ። መነጽሩን እንዳደረጉ ሄልሜቱን የሚጎትቱ ከሆነ ዘንጎቹ በአንድ ወር ውስጥ ይበረገዳሉ።

አሁን «ይጣመማል» ወዳሉት ልምጣ፤ በእርስዎ ቁጥር ላይ ነገሩ ከምቾት ያለፈ ነው። ሲሊንደር ማለት ሌንሱ በአንድ አቅጣጫ ከሌላው የተለየ ጉልበት አለው ማለት ነው፤ አቅጣጫውም በዲግሪ ተለክቶ የተሰጠ ነው። ሄልሜቱ የግራውን ዘንግ ከቀኙ ከፍ አድርጎ ቢይዘው ሌንሱ ከዓይንዎ ፊት ይዞራል። ማይነስ 1.50 ሲሊንደር በ5 ዲግሪ ብቻ ቢዞር ሩብ ቁጥር ያህል ያልታረመ ስሕተት ይፈጠራል፤ በ10 ዲግሪ ቢዞር ግማሽ ቁጥር ይሆናል። ቀን ላይ ብሌን ጠባብ ስለሆነች ሩብ ቁጥሩን ላያስተውሉት ይችላሉ። ሲመሽ ብሌን ትሰፋለች፤ ያን ጊዜ ያው ስሕተት የእያንዳንዱን መብራት ዳር ወደ አንድ ወገን ይስበዋል፣ ያስረዝመዋል። «ይበታተንብኛል» ያሉት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። መነጽሩ አፍንጫ ላይ ወደ ታች መንሸራተቱ ግን በእርስዎ ቁጥር ብዙም አይጎዳም፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ከጉልበቱ የሚቀንሰው አንድ አሥረኛ ቁጥር ያህል ነው። ማይነስ 9 ላለው ሰው ግን አራት አሥረኛ ስለሚሆን ቁም ነገር ነው።

ይህንን ቤትዎ ሆነው ሊፈትሹት ይችላሉ። ማታ ሞተሩን አቁመው፣ መነጽርዎን እንዳደረጉ ራቅ ያለ የመንገድ መብራት ይመልከቱ። ቀጥሎ በወፍራም ወረቀት ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅተው በዚያች ቀዳዳ በኩል በአንድ ዓይን ይዩት። መብራቱ ተሰብስቦ ነጥብ ከሆነ ጥፋቱ የቁጥር ወይም የመነጽር አቀማመጥ ነው። በቀዳዳውም በኩል ጭጋግ እንደለበሰ ከቀረ ወይም ከባሰበት የዓይን ሞራ ጅማሬ ወይም የብሌን መስታወት፣ ማለትም በዓይን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ችግር ሊሆን ስለሚችል መነጽር ከማዘዝዎ በፊት የዓይን ክሊኒክ ገብተው ዓይንን አጉልቶ በሚያሳየው መመርመሪያ፣ በስሊት ላምፕ፣ ይታዩ። ሲሊንደርዎ ካለፈው ልኬት ወዲህ ጨምሮ ከተገኘም እንዲሁ።

ወደ ሌንሱ እንለፍ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ በሞተር ሳይክል ዕቃ የሚያደርስ ወጣት የቀኝ ዓይኑን በመሐረብ ይዞ መጣ። ከፊቱ ከሚሄድ የጭነት መኪና ጎማ የተስፈነጠረ ጠጠር የመነጽሩን ሌንስ መትቶት ነበር። ሌንሱ ከብርጭቆ የተሠራ ነበር፤ አቧራ ስለማይጭረው ብሎ የመረጠው እርሱ ራሱ ነው። በስሊት ላምፑ ሳየው በብሌኑ መስታወት ላይ ሦስት ቅንጣቶች ያብረቀርቃሉ፤ ሁለቱ እንደ ጨው ፍሬ ላይ ላዩን ተቀምጠዋል፣ ሦስተኛው ግን ገባ ብሏል። ጠጠሩ ዓይኑን አልነካውም። ዓይኑን የወጋው ራሱ መነጽሩ ነው። ዓይኑ ተርፎለታል፤ ጠባሳው ግን ከብሌኑ መሐል ትንሽ ፈንጠር ብሎ እስከ ዛሬ አለ።

ስለዚህ ብርጭቆ ሌንስ በሞተር ላይ ፈጽሞ አይሁን። ተራው ፕላስቲክ፣ ሲአር 39 የሚባለው፣ ከብርጭቆ በግማሽ ገደማ ይቀላል፤ እይታውም ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን ጠንከር ያለ ምት ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ለእርስዎ መንገድ የሚያስፈልገው ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። የሄልሜትዎ የፊት መከለያ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ይሠራል። ሲመታ ይጎደጉድ ወይም ይጫር ይሆናል እንጂ ተሰባብሮ አይበተንም። ትራይቬክስ የሚባለው ከተገኘ ደግሞ ጥንካሬው ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ እይታው ከፖሊካርቦኔት ይጠራል፤ ክብደቱም ትንሽ ያንሳል። የፖሊካርቦኔት ጉድለት በሌንሱ ዳር በኩል ሲያዩ በመብራትና በጽሑፍ ጠርዝ ላይ ስስ ሰማያዊና ብጫ ጥላ ማሳየቱ ነው። በማይነስ 4.50 ያስተውሉት ይሆናል፤ በሳምንት ውስጥ ግን ይለምዱታል። መነጽር ቤት «ቁጥርህ ከፍ ያለ ስለሆነ እጅግ ቀጭኑን ውሰድ» ቢሉዎት 1.67 የሚባለውን ሌንስ ማለታቸው ነው። ለመልክ ጥሩ ነው። ምትን በመቋቋም ግን ከፖሊካርቦኔት ጋር አይተካከልም፤ የቀለም ጥላውም ከእርሱ ብዙም አይሻልም። ስለዚህ ለሞተር ገንዘብዎን እዚያ ላይ አያፍስሱ።

ጥንካሬ በሁለት ደረጃ ይለካል፤ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ተራ የመነጽር ሌንስ እንዲያልፍ የሚጠበቅበት ፈተና 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት የብረት ኳስ ከ1 ሜትር ከ27 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስትወድቅበት አለመሰበር ነው። ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰው ይበቃዋል። ለሥራ ደኅንነት መነጽር የተቀመጠው ፈተና ግን ሌላ ነው፤ ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ የምትበልጥ የብረት ኳስ በሰከንድ 45 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ትተኮስበታለች። ይህንን ያለፈ ፍሬም በዘንጉ ላይ ዜድ 87 (Z87) የሚል ምልክት፣ ከጎኑም የመደመር ምልክት ተቀርጾበት ያገኛሉ። ፈተናው ፍሬሙንም ጭምር ይመለከታል፤ ሌንሱ ሳይሰበር ከክፈፉ ወጥቶ ዓይን ቢመታ ምን ይረባል? እርስዎ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በአየር ላይ የቆመች ጢንዚዛ እንኳ በሰከንድ 16 ሜትር ከግማሽ ነው የምትመታዎት። ከፊት ከሚመጣ መኪና ጎማ የሚፈናጠር ጠጠር በዚያ ላይ የራሱን ፍጥነት ይጨምራል። መነጽር ብቻውን የፊት መከለያን አይተካም፤ ሁለቱም ይኑሩ።

ፍሬሙን ከብረት ይልቅ ከሚተጣጠፍ ናይለን መሰል ፕላስቲክ ቢያደርጉት እመርጣለሁ፤ ብርድ አፍንጫ ላይ አይቆጠቁጥም፣ ሲወድቁም እንደ ብረት ሽቦ አይዋጋም። በፊት ዙሪያ የሚጠመጠመው፣ ንፋስ የሚከለክለው የስፖርት ዓይነት ፍሬም ያምራል። ግን በማይነስ 4.50 እና በሲሊንደር ላይ ተራ ልኬት ገልብጠው ቢሠሩልዎት ሌንሱ ስለተጋደመ ቁጥሩ ይዛባል፣ ወለሉም ያጋደለ ይመስልዎታል። ለጥምዝማዜው ተሰልቶ የሚሠራ ሌንስ አለ። ያንን የሚያሰላ ቤት ካላገኙ ዝም ብለው ቀጥ ያለውን ይውሰዱ።

በፀሐይ ስለሚጠቁረው ሌንስ፣ ፎቶክሮሚክ ስለሚባለው፣ ጣርማ በርን ያህል ጥሩ አስረጂ የለም። እርስዎ መንገዱን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ እኔም ለትምህርት ቤት ተማሪዎች የዓይን ምርመራ በሞተር በወረድኩባቸው ቀናት አልፌበታለሁ። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጥርት ያለ ፀሐይ ፊትዎን ይመታዋል፤ ከዚያ በድንገት ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ ይውጥዎታል። ርዝመቱ ከ500 ሜትር በላይ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢነዱ ሦስት ሩብ ደቂቃ ያህል ይፈጅብዎታል። የጠቆረ ፎቶክሮሚክ ግን ተመልሶ ነጭ ለመሆን በርካታ ደቂቃዎች ያስፈልጉታል፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠቁራል፣ ይበልጥም ይዘገያል። ጨለማው ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርገው ገብተው፣ ሌንሱ ሳይነጣ በሌላው በር ይወጣሉ ማለት ነው። አንድ ቀን እኔ ራሴ ፎቶክሮሚክ አድርጌ ዋሻው አፍ ላይ ስደርስ የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት ብቻ ቀርቶ የመንገዱ ጠርዝ ጠፋኝ። ሞተሩን ወደ ዳር ይዤ መነጽሩን እስከ አፍንጫዬ ጫፍ አውርጄ በላዩ ለማየት ሞከርኩ፤ ያለ መነጽር ደግሞ እኔም ሩቅ አላይም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አሽከርካሪ በዚህ ጉዳይ ምክር ሲጠይቀኝ ነገሩን ቀለል አድርጌ አላልፈውም።

ሌላም እንቅፋት አለው። ፎቶክሮሚክ የሚጠቁረው በዋናነት በአልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ የፖሊካርቦኔት መከለያ ደግሞ ይህንን ጨረር ያስቀረዋል። መከለያውን ዘግተው ሲነዱ ሌንሱ ሳይጠቁር ይቀራል፣ ሲከፍቱት ይጠቁራል። በሚያስፈልግዎት ጊዜ የለም፤ በማያስፈልግዎት ጊዜ አለ።

ለፀሐዩ የምመክርዎት ጥላውን ከመነጽሩ ነጥሎ ሄልሜቱ ላይ ማድረግ ነው። ከላይ በአውራ ጣት የሚወርድና የሚወጣ ውስጣዊ ጥቁር መከለያ ያላቸው ሄልሜቶች አሉ፤ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርሱ አንድ ጊዜ ገፋ፣ ጥቁሩ ወጣ። ከመግዛትዎ በፊት መነጽርዎን አድርገው ያውርዱት፤ አንዳንዱ የመነጽሩን ፍሬም ይነካል፣ ወደ አፍንጫም ይገፋዋል። ጥቁር በጥቁር ላይ ግን አይደርቡ። በዓለም አቀፉ መለኪያ የፀሐይ መነጽር ከ0 እስከ 4 ይመደባል፤ የተለመደው ምድብ 3 ከብርሃኑ ከ8 እስከ 18 በመቶ ብቻ ያሳልፋል፣ ምድብ 4 ደግሞ ከ3 እስከ 8 በመቶ ስለሆነ ለማሽከርከር የተከለከለ ነው። ግማሹን ብርሃን የሚያሳልፍ ጥቁር የሄልሜት መከለያ ከኋላው 12 በመቶ የሚያሳልፍ መነጽር ሲኖር ዓይንዎ የሚደርሰው 6 በመቶ ነው። ሁለት የተፈቀዱ ነገሮችን ደርበው የተከለከለው ውስጥ ገቡ ማለት ነው። ፖላራይዝድ የሚባለውም በእርጥብ አስፋልት ላይ ያለውን ነጸብራቅ በማጥፋቱ ዓይን ያሳርፋል፤ ግን መንገድ ላይ የፈሰሰ ዘይት የሚታወቀው በዚያው ነጸብራቅ ነው፤ በመከለያውም በኩል ሲያዩ ቀስተ ደመና የመሰለ ዝንጉርጉር ያሳያል። ለሁለት ጎማ አልወደውም።

ሌሊት። ብጫው መነጽር ብርሃን ያበዛ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቦስተን ውስጥ በመንዳት ማስመሰያ ላይ በተደረገ ጥናት ብጫ መነጽር ያደረጉ ሰዎች ሌሊት እግረኛን በማየት ካላደረጉት አልተሻሉም፤ ከፊት የሚመጣ መብራትም ችግር አልቀነሰላቸውም። ብሉ ከት፣ ሰማያዊ ብርሃን ያስቀራል እየተባለ የሚሸጠውም ለሌሊት መንገድ የሚጨምርልዎት ነገር የለም። በእርግጥ የሚረዳው አንቲሪፍሌክሽን ሽፋን ነው። ያልተሸፈነ ፖሊካርቦኔት በሁለቱ ገጾቹ ወደ 10 በመቶ የሚሆነውን ብርሃን ይመልሳል፤ ከፊት የመጣው መብራት በሌንሱ ገጾች መካከል እየተንጸባረቀ ከእውነተኛው መብራት ጎን የሐሰት መብራት ይሠራል። ጥሩ ሽፋን ይህንን ወደ 1 በመቶ ገደማ ያወርደዋል። ሲያዝዙ በፊትም በኋላም ይሁን ይበሉ።

ሽፋኑ የሚጠቅመው ግን ሳይጫር ከቆየ ነው። ፖሊካርቦኔት ለስላሳ ነው፤ የፒስታ አቧራ ደግሞ የተፈጨ ድንጋይ ነው። አቧራ የለበሰ ሌንስ በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ ዳር በደረቁ ሲወለወል እያንዳንዷ ቅንጣት መስመር እያሰመረች ትሄዳለች። መስመሮቹ ቀን አይታዩም። ማታ የአይሱዙ መብራት ሲመጣ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበራሉ። በመጀመሪያ ውኃ ያፍስሱበት፣ አቧራው ይውረድ፣ ከዚያ በጣትዎና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና አሽተው ያለቅልቁት፤ መጥረግ የመጨረሻው ነው። የሄልሜቱም መከለያ እንዲሁ። አሁን ያለዎትን መነጽር አምፖል ፊት አዘንብለው ቢያዩት ከ«መበታተኑ» ግማሹን እዚያው የሚያገኙት ይመስለኛል።

ፕሮግረሲቭን በተመለከተ መነጽር ቤቱ ለቢሮ ሥራዎ ቢመክርዎት አልቃወምም። ኮርቻ ላይ ግን የሌንሱ የታችኛው ክፍል ወደ ቅርብ ቁጥር መቀየር የሚጀምረው ከብሌንዎ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው፤ በዚያው አቅጣጫ ደግሞ ከፊት ጎማዎ ሦስትና አራት ሜትር ርቀት ላይ ያለው ጉድጓድ አለ። ሄልሜቱ አገጭዎን ስለሚይዘው እንደ ልብዎ ራስዎን ደፍተው በላይኛው ክፍል ማየት አይችሉም። የጎን መስታወት ሲያዩም ዓይንዎ ወደ ታችና ወደ ዳር ይሄዳል፤ ያ የፕሮግረሲቭ ሌንስ ደብዛዛ ክፍል ነው። ከኋላ የሚመጣው አውቶቡስ በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ከመስታወቱ ገጽ አርቆ ስለሆነ የቅርብ ቁጥር አያስፈልገውም። የፍጥነት መለኪያው ከዓይንዎ 60 እና 70 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ በ43 ዓመትዎ በሩቁ ቁጥር ብቻ ሊያነቡት ይገባል። ምናልባት ሃምሳን ሲሻገሩ እንደገና እንነጋገርበታለን።

የክትባት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍስ? እዚህ ላይ ማይነስዎ ባለውለታዎ ነው። ማይነስ 4.50 ያለው ዓይን ያለ መነጽር 22 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለን ነገር ይለያል። መነጽሩን አውልቀው ብልቃጡን ጠጋ ያድርጉት፤ በሲሊንደሩ ምክንያት ፊደሉ ትንሽ ጥላ ቢኖረውም ቀኑንና መጠኑን ያነቡታል። መዝገብ ለመጻፍ ፕሮግረሲቩ በጠንካራ መያዣ ውስጥ ሆኖ ከቦርሳዎ አይለይ፤ መንገድ ላይ የሞተሩ መነጽር ቢሰበር ቤት የሚያደርስዎት መጠባበቂያም እርሱ ነው።

ጉሙ የሚመጣው ከትንፋሽ ነው። ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ አፍንጫዎን በሻርፕ ወይም በጋቢ ጠቅልለው ይወጣሉ፤ ትንፋሹ መውጫ ሲያጣ በአፍንጫ ግራና ቀኝ ወደ ላይ ይነፍስና በረዶ በመሰለው ሌንስ ላይ ይተኛል። ሻርፑን ከአፍንጫ በታች ያድርጉት፤ ሄልሜቱ ውስጥ በአፍንጫ ላይ የሚገጠም የትንፋሽ መከለያ ካለው አይንቀሉት፤ የፊት መከለያውን ደግሞ አንድ እርከን ያህል ከፈት አድርገው ይንዱ። ለሄልሜቱ መከለያ ከውስጥ የሚለጠፍ ሁለተኛ ስስ ገጽ፣ ፒንሎክ የሚባለው፣ ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው፤ መነጽሩን ግን አይረዳውም። ለመነጽሩ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በሁለቱም ገጽ ላይ በስሱ ቀብተው ሳያጥቡ በለስላሳ ጨርቅ እስኪጠራ ያድርቁት፤ ለአንድ ጠዋት ይይዛል። ጣርማ በር ላይ ደመናው ራሱ መንገድ ላይ ሲተኛ ግን ሳሙናም ሽፋንም አያድንም፤ ጠብታው ከውጪ ነውና። ፍጥነት ቀንሰው፣ ካስፈለገም ከመንገዱ ወጥተው ይቁሙ።

ለኮንታክት ሌንስ መልሴ ከሌላ ሰው ይልቅ ለእርስዎ አጭር ነው፦ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ላም፣ በግና ፍየል የሚነካ እጅ፣ ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት ቀበሌ፣ አቧራ ገብቶበት ያሳከከውን ሌንስ ሊያወጣ ወደ ዓይን ይሄዳል። ከኮንታክት ሌንስ ጋር የሚመጣ የብሌን መስታወት ቁስለት በጥቂት ቀናት ውስጥ እይታን ሊያጠፋ የሚችል በሽታ ነው። ንፋሱም እንባን ስለሚያደርቅ ሌንሱ ይላጣል፣ ይወድቃል፤ ከሁለቱ አንዱ በመንገድ ላይ ቢወድቅብዎ ምን ይዘው ይነዳሉ?

እንግዲህ መነጽር ቤት የሚሄዱት ሄልሜትዎን ይዘው ነው። ፍሬሙን ሄልሜቱን አጥልቀው ያስገቡት፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው መሪ እንደያዙ እጅዎን ዘርጉ፣ ራስዎን ወደ ግራና ቀኝ በኃይል ያዙሩ። ሩብ ሰዓት ሳያወልቁ ይቆዩ። ከጆሮዎ በላይ ሕመም ከተሰማዎት ወይም ሲያወልቁት ቀይ መስመር ካዩ ሌላ ፍሬም ያስመርጡ። የብሌኖችዎ መሐል ሄልሜቱ እንዳለ በሌንሱ ላይ ይመልከቱልዎት፤ ሄልሜቱ ፍሬሙን ከፍ ካደረገው መሐሉም ከፍ ይላል። መነጽሩ ሲመጣ በዚያው ሄልሜት እንደገና ይሞክሩት፤ ከተጣመመ እዚያው ያስተካክሉልዎ እንጂ «ይለመዳል» የሚለውን አይቀበሉ።

በዚህ ሁሉ መሐል ጠጠር ወይም ብናኝ ዓይንዎ ከገባ ሞተሩን ያቁሙና ንጹሕ ውኃ አብዝተው ያፍስሱበት። አይሹት። በምላስ፣ በመሐረብ ጫፍ ወይም በክብሪት እንጨት የሚያወጣልዎ ሰው ቢገኝ አመስግነው ይተዉት። ከታጠበ በኋላም ከቆረቆረዎት፣ ብርሃን ካስጠላዎት ወይም እይታዎ ከደበዘዘ በዚያው ቀን የዓይን ባለሙያ ይየው፤ ከመድኃኒት ቤት በራስዎ የሚገዙት ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ መቅላቱን ደብቆ ቁስለቱን ያባብሳል። የተሰካ ነገር ካለ ደግሞ ውኃም አያፍስሱ፣ አይንቀሉትም። ዓይኑን ሳይጫኑ በንጹሕ ሲኒ ይክደኑትና ሰው ይዞዎት ሆስፒታል ይግባ፤ ሞተሩን ራስዎ አይንዱ።